ብሎን በብሎን፦ ትንሿ ጠመንጃ፣ ታክሱ ዜሮ የሆነው ሳይለንሰርና ግሪን ካርዳችን

ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ፎቶና አንድ ስክሪንሾት ደረሰን። ፎቶው ላይ ያለችው አፈሙዟ የወፈረ፣ ሰደፏ ቡኒና ግራጫ እንጨት ተደራርቦ የተሠራ፣ ማነጣጠሪያ መነጽር የተገጠመላት ትንሽ ጠመንጃ ናት። ላኪው ኮሎራዶ፣ አውሮራ የሚኖር ተከታታያችን ነው። ግሪን ካርድ አለው፤ ታክሲና ዴሊቨሪ ይሠራል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ተኩስ መለማመጃ ይሄዳል። ስክሪንሾቱ አንድ የኦንላይን ሱቅ ላይ ያየው ዕቃ ነው። «የጠመንጃ ማጽጃ ኪት» ይላል፤ ዋጋው ርካሽ ነው፤ የሚታየው አንድ ቱቦና በውስጡ የሚደረደሩ ትናንሽ የብረት ጽዋዎች ናቸው። ጥያቄው አጭር ነበር፦ «ከጃንዋሪ ጀምሮ ሳይለንሰር ነፃ ሆኗል አይደል? ይሄን ባዝ ችግር አለው?»

አዎ፣ ችግር አለው። ያውም ትልቅ። ግን «አትዘዝ» ብለን ብቻ ብናልፈው ነገሩ አይገባም፤ ምክንያቱም ይህ ሰው ምንም ክፉ ሐሳብ የለውም። በአሜሪካ ሚሊዮኖች የሚያዘወትሩትን ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው የያዘው። ችግሩ ያለው የአሜሪካ ሕግ ጠመንጃን የሚቆጣጠረው ዕቃ በዕቃ እየለየ መሆኑ ላይ ነው፤ ለስደተኛ ደግሞ ያው ዕቃ ሌላ ስም አለው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከጠመንጃዋ እንጀምር። ሩገር 10/22 ትባላለች። ሩገር ኩባንያ በ1964 ነው ገበያ ላይ ያዋላት፤ እስካሁን ከአምስት ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። የምትተኩሰው ባለ 22 ካሊበር ሎንግ ራይፍል የሚባለውን ትንሽ ጥይት ነው። ይህ ጥይት ከ1887 ጀምሮ ያለ ሲሆን «ሪምፋየር» ከሚባሉት ወገን ነው። የክላሽም ሆነ የሌላ ትልቅ ጠመንጃ ጥይት ቀለሁ ግርጌ ላይ መሐሉን ሲመታ ነው የሚቀሰቀሰው። ሪምፋየር ግን መቀስቀሻው ባሩድ በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ ስለተሰራጨ ጠርዙን ነው የሚመታው። ለዚህ ሲባል ቀለሁ ስስ መሆን አለበት፤ ስስ ስለሆነ ብዙ ግፊት አይችልም፤ ግፊቱ ትንሽ ስለሆነ ደግሞ ትከሻ አይመታም፣ ጩኸቱም ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይረክሳል። አሜሪካ ውስጥ ልጅ ከአባቱ ጋር መጀመሪያ የሚተኩሰው ብዙ ጊዜ ይህን ነው። ትንሽ ናት ብሎ መናቅ ግን አይገባም፤ ሰው ትገድላለች።

10/22ን ልዩ ያደረጋት አሠራሯ ነው። አፈሙዙ የተያዘው በሁለት ብሎኖች ነው። የቃታው ክፍል በሁለት ተሻጋሪ ፒኖች ይያዛል፤ ፒኖቹ ሲወጡ እንዳለ ይወልቃል። ሰደፉም በአንድ ብሎን ነው የሚወርደው። ስለዚህ ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ መሄድ ሳያስፈልግ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በቀላል መፍቻዎች ሁሉንም መቀየር ይቻላል። ይህ ነው አንድ ሙሉ ኢንዱስትሪ የወለደው። ቮልኳርትሰንና ኪድ የመሳሰሉ ኩባንያዎች ለዚህች ጠመንጃ የሚሆን ቃታ፣ አፈሙዝ፣ መዝጊያ እየሠሩ ነው ስማቸውን ያተረፉት። መኪና «ሞዲፋይ» የሚያደርጉ ልጆችን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልክ እንደዚያ ነው። ሰው ከ300 እስከ 400 ዶላር አካባቢ የገዛትን ጠመንጃ ሦስት እጥፍ ያወጣባታል።

ለምን? መልሱን ተከታታያችን ራሱ ነገረን። ከፋብሪካ ስትመጣ ቃታዋ ከባድ ነው፤ ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ ጉልበት ይፈልጋል፤ ስትስበው ጠመንጃዋ ትነቃነቃለች። ራሱ ሩገር የሚሸጠው የተሻሻለ ቃታ ይህን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ወፍራሙ አፈሙዝ ደግሞ ክብደት ይጨምርና አፏ ሳይወዛወዝ ያቆያታል። ኋላ ላይ መዝጊያው እየተመለሰ የሚመታውን የብረት ፒን በፕላስቲክ መሰል ፒን ሲተኩት ኳኳታው ይቀንሳል፤ ይሄ እንኳን ጥቂት ዶላር ነው። «መጀመሪያ በሃምሳ ሜትር የሻይ ስኒ ማስቀመጫ የሚያህል ቦታ ላይ ነበር የምበትነው፤ አሁን ሳንቲም ላይ አሳርፋለሁ» አለን። አገር ቤት ሰደፉን በቆዳ ሸፍኖ፣ ማንገቻውን አሳምሮ፣ ጠመንጃውን እንደ ልጁ የሚንከባከብ አባት ያየ ሰው ይህ ስሜት አይጠፋውም። ልዩነቱ እዚያ ክብር ነው፣ እዚህ ደግሞ እሁድን ማሳለፊያ።

እዚህ ድረስ ሕግ አልተነካም። በፌዴራል ሕግ ከዚህች ጠመንጃ «ጦር መሣሪያ» ተብሎ የሚቆጠረው ሁሉን ዕቃ የሚሸከመው መሐለኛው ክፍል ነው፤ ሪሲቨር ይሉታል። መለያ ቁጥሩም እሱ ላይ ነው ያለው። አፈሙዝ፣ ቃታ፣ ሰደፍ፣ መነጽር በፖስታ ቤት ይመጣሉ፤ ማንም «መታወቂያህን አሳይ» አይልም። ሪሲቨሩን ግን ከነጋዴ ሲገዙ ፎርም መሙላትና የኋላ ታሪክ ማስመርመር ግድ ነው። ያላለቀ ሪሲቨር በኪት እየሸጡ ከዚህ ለማምለጥ የሞከሩም ነበሩ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በማርች 2025 በ7 ለ2 ድምፅ የመንግሥትን ቁጥጥር አጽንቶታል።

ታዲያ ያ መስመር ሁልጊዜ በግልጽ የተሰመረ አይደለም፤ ቦታውንም ይቀያይራል። የዚህ ምሳሌው ከዚህችው ከ10/22 ታሪክ ነው የሚገኘው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ «ኤኪንስ አክስለሬተር» የሚባል ሰደፍ ለዚህች ጠመንጃ ተሠራ። የጠመንጃዋን የራሷን ግፊትና ሞላ ተጠቅሞ በፍጥነት ያስተኩሳል። ኤቲኤፍ፣ ማለትም የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ መርምሮ «ችግር የለውም» አለ። ሰው ገዛ። በ2006 መሥሪያ ቤቱ ሐሳቡን ቀየረና «ይህ መትረየስ ነው» ብሎ ባለቤቶቹን ሞላውን አውጥተው እንዲያስረክቡ አዘዘ። ፈልሳፊው ከሰሰ፣ ተሸነፈ፣ ካሳም አላገኘም። ከዚያ ሞላ የሌላቸው ተመሳሳይ ሰደፎች፣ በምፕ ስቶክ የሚባሉት፣ ሲፈቀዱ ቆይተው በ2017 ላስ ቬጋስ ላይ ያ ጭፍጨፋ ደረሰ። የትራምፕ የመጀመሪያ አስተዳደር ከለከላቸው። በጁን 2024 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ክልከላውን ሻረው። ተፈቀደ፣ ተከለከለ፣ ተፈቀደ። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፤ የተቀየረው ስሙ ነው።

የክልሎቹ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኮሎራዶ በኤፕሪል 2025 ባጸደቀችው አዲስ ሕግ፣ ከኦገስት 1 ቀን 2026 ጀምሮ ካዝናቸው የሚወልቅ አብዛኞቹን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ለመግዛት ሥልጠናና ፈቃድ ያስፈልጋል። ሪምፋየር 22 ግን ነፃ ነች፤ ላይና ታች ተብሎ ለሁለት የሚከፈል ሪሲቨር ያላት ካልሆነች በቀር። የአውሮራው ልጅ 10/22 አንድ ወጥ ሪሲቨር ስላላት አትነካም። ጓደኛው ኤአርን አስመስሎ የተሠራ ባለ 22 ጠመንጃ ቢፈልግ ግን፣ ጥይቱ ያው ሆኖ ሳለ፣ ፈቃድ ይጠየቃል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፈቀደው በምፕ ስቶክም በዚሁ የኮሎራዶ ሕግ ክልክል ነው። ካዝናም እንደዚያው፦ ኮሎራዶ ከ2013 ጀምሮ ከ15 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና አይሸጥም፤ ሲያትል ያላችሁ ደግሞ ከጁላይ 2022 ወዲህ ከ10 በላይ የሚይዝ መግዛት አትችሉም። ሩገር ግን ለዚህች ጠመንጃ ባለ 25 ካዝና ይሠራል። ኒው ዮርክ ሄዳችሁ ደግሞ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ያለው ሰደፍ ብትገጥሙላት፣ ያቺ የልጅ መለማመጃ የተባለችው ጠመንጃ በሕጉ «አሶልት ዌፐን» ትሆናለች። በአንድ እንጨት!

አሁን ወደ ሳይለንሰሩ እንምጣ፤ የሰሞኑ ወሬ እሱ ነውና። በ1934 የወጣው ሕግ ድምፅ ማፈኛን፣ አጭር አፈሙዝ ያለው ጠመንጃንና መትረየስን በ200 ዶላር ታክስና በምዝገባ አሠረ። በዚያ ዘመን 200 ዶላር ዛሬ ከ4 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ ታክሱ የተጣለው ሰው እንዳይገዛ ነበር። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጁላይ 4 ቀን 2025 በፈረሙት ትልቁ የበጀት ሕግ ይህ ታክስ ለሳይለንሰርና ለአጭር ጠመንጃ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ዜሮ ሆኗል። የደጋፊዎቹ ፍላጎት ግን ከዚህ በላይ ነበር። ሳይለንሰርን ከነምዝገባው ጭራሽ ከሕጉ ለማስወጣት ነበር የሞከሩት፤ የሴኔቱ የሥነ ሥርዓት ባለሙያ «ይህ የበጀት ጉዳይ አይደለም» ብላ አስወጣችው። የቀረው የታክሱ ዜሮ መሆን ብቻ ነው። አሁን ታክስ ከሌለ ምዝገባው በምን ሥልጣን ይቆማል ብለው ፍርድ ቤት የሄዱ አሉ፤ ክርክሩ አስቂኝ አይደለም፣ የ1934ቱ ሕግ በ1937 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጸደቀው የታክስ ሕግ ነው ተብሎ ነበርና።

እንግዲህ «ነፃ ሆነ» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። ዜሮ የሆነው ታክሱ ነው። ፎርሙ፣ የጣት አሻራው፣ ፎቶው፣ የኤቲኤፍ ቅድመ ፈቃዱ እንዳለ ነው። ያልተመዘገበ ሳይለንሰር መያዝ እስከ 10 ዓመት ያሳስራል። ሳይለንሰር በ42 ክልሎች ሕጋዊ ነው፤ ኮሎራዶም አንዷ ናት፤ ግሪን ካርድ ያለው ሰውም በሥርዓቱ ማመልከት ይችላል። 22 ላይ ደግሞ ተወዳጅ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥይቷ ከመነሻውም ጩኸቷ ትንሽ ስለሆነ፣ ሳይለንሰር ሲጨመርበት ያለ ጆሮ መሸፈኛ ልጅ ማሠልጠን ይቻላል ይላሉ።

ያ «ማጽጃ ኪት» ግን ሌላ ነገር ነው። ሕጉ ሳይለንሰር የሚለው ተሠርቶ ያለቀውን ብቻ አይደለም። ሳይለንሰር ለመሥራት የታሰበ የዕቃዎች ስብስብም፣ ለዚያ ብቻ የታሰበ አንድ ዕቃም ሳይለንሰር ነው። ኤቲኤፍ እነዚህን «የማጽጃ ፈሳሽ መያዣ» ተብለው የሚሸጡ ቱቦዎች ሲከታተል ዓመታት አልፈዋል፤ ከውጭ የሚመጡት ጉምሩክ ላይ ተይዘዋል፤ ባዘዙ ሰዎች ላይም ክስ ተመሥርቷል። ሻጩ «ማጽጃ» ብሎ መጻፉ አያድንም።

እዚህ ላይ ነው ለዜጋና ለስደተኛ መንገዱ የሚለያየው። ዜጋው ቢፈረድበት ይታሰራል፣ ይፈታል፣ ቤቱ ይገባል። በኢሚግሬሽን ሕጉ ግን አንድ ስደተኛ አሜሪካ ከገባ በኋላ በማንኛውም ጊዜ የጦር መሣሪያ በመግዛት፣ በመሸጥ፣ በመያዝ ወይም በመጠቀም ጥፋተኛ ከተባለ ሊባረር ይችላል። ቅጣቱ ስንት ነው አይባልም፤ የክልል ፍርድ ቤት ይሁን የፌዴራል አይባልም። የድንጋጌው ቃል ደግሞ «መሣሪያ፣ ክፍሉ ወይም ተጨማሪ ዕቃው» ጦር መሣሪያ የሚባል ከሆነ ነው የሚለው፤ በፌዴራል ሕግ ሪሲቨርም ሳይለንሰርም ለብቻቸው ጦር መሣሪያ ናቸው። በዚህ ላይ ያልተመዘገበ ሳይለንሰር በፌዴራል ፍርድ ቤት ካስፈረደ «አግራቬትድ ፌሎኒ» ከሚባሉት ወንጀሎች ውስጥ ይገባል። ይህ ማለት ረጅም ዓመት የኖረ ግሪን ካርድ ያዥ «ቤተሰብ አለኝ፣ ሥራ አለኝ፣ ማሩኝ» ብሎ ከዳኛ ፊት የሚለምንበት ዋናው በር ይዘጋል። ለአንድ ርካሽ ቱቦ።

ግሪን ካርድ የሌላቸውስ? ለእነሱ ከቱቦው በፊት ጠመንጃዋ ራሷ ክልክል ናት። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው፣ እንዲሁም ሕጋዊ ፈቃድ ሳይኖረው ያለ ሰው፣ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም። እስከ 15 ዓመት ነው። ጊዜያዊ ቪዛ ላለው የአደን ፈቃድን የመሰሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ። «ጥገኝነት አመልክቻለሁ፣ ወርክ ፐርሚት አለኝ» የሚለው ደግሞ በራሱ አያድንም፤ ቪዛው ያለቀበት ሰው ማመልከቻ ስላስገባ ብቻ ሁኔታው አይቀየርም ብለው የወሰኑ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች አሉ። ቲፒኤስ ያላችሁማ መንግሥት በዲሴምበር 2025 የኢትዮጵያን አቋርጣለሁ ካለ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ ጉዳዩ እንደ አገባባችሁና እንደ ፍርድ ቤቱ ስለሚለያይ ያለ ጠበቃ ጠመንጃ አጠገብ አትድረሱ።

መያዝ ሲባል መግዛት ብቻ አይደለም። ተኩስ መለማመጃ ሄዶ የኪራይ ጠመንጃ ማንሳትም መያዝ ነው። ቀልድ አይደለም፤ ከተባበሩት አረብ ኤምሬትስ የመጣ የፍሎሪዳ ተማሪ ውጤቱ ወድቆ ከዩኒቨርሲቲ ከተሰናበተ በኋላ ሬንጅ ሄዶ በተከራየው መሣሪያ ተኮሰ። 18 ወር ተፈረደበት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጁን 2019 በ7 ለ2 ፍርዱ ተሻረለት፤ ምክንያቱ ግን ሰውዬው ሕጋዊ ፈቃዱ ማለቁን ማወቁን መንግሥት ማስረዳት ነበረበት የሚል ነው። «መተኮስ ይችላል» አላሉም። እኛ ደግሞ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ በተማሪ ቪዛ ያሉ ልጆች ሬንጅ ላይ ጠመንጃ ይዘው የተነሱትን ፎቶ በየሳምንቱ እናያለን። ማስረጃውን ራሳቸው ናቸው የሚለጥፉት።

ፖለቲካውን ደግሞ አንድ ላይ አድርጋችሁ እዩት። ያው አስተዳደር በአንድ እጁ የሳይለንሰር ታክስ ያነሳል፤ በሌላ እጁ በጃንዋሪ 2025፣ ሥልጣን በያዘ በቀናት ውስጥ፣ ለኤቲኤፍ ወኪሎች የኢሚግሬሽን ሕግ የማስከበር ሥልጣን ሰጥቷል። የሳይለንሰር ማመልከቻችሁን የሚያየው መሥሪያ ቤትና ስደተኛ እንዲይዝ የተላከው መሥሪያ ቤት አንድ ሆነዋል ማለት ነው። ይህ ሴራ ነው አንልም። ሁለቱም ለአንድ መራጭ የተገቡ ቃሎች ናቸው፤ ያ መራጭ ጠመንጃ ይወዳል፣ ስደተኛ አይወድም። እኛ ጠመንጃ የምንወድ ስደተኞች በዚያ ስሌት ውስጥ አልተቆጠርንም። «የጠመንጃ ሕጉ ላላ» የሚለውን ዜና ስንሰማ ለማን ላላ ብለን መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ሳንረሳ፦ «ትርፍ መነጽሩን ለአባቴ እልክለታለሁ» ያለንም አለ። የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር ከአሜሪካ ሲወጣ በኤክስፖርት ቁጥጥር ሥር ነው፤ አፈሙዝና ሪሲቨርም እንደዚያው። አገር ቤትም ከ2020 ጀምሮ የጦር መሣሪያ አስተዳደር አዋጅ 1177 አለ። ሻንጣ ውስጥ የሚከተት ዕቃ አይደለም።

ወደ አውሮራው ተከታታያችን እንመለስ። ጠመንጃውን በሥርዓት ነው የገዛው፤ ፎርሙ ላይ ዜግነቱን በትክክል ጽፏል፤ ቃታውም አፈሙዙም ሕጋዊ ናቸው። ሳይለንሰር ከፈለገ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ዘንድ ሄዶ በፎርም ያመልክት፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰዓት ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ይክፈል አልነው። ስንጠይቀው ግን አንድ ያላሰበው ነገር ወጣ። ባለፈው ሴፕቴምበር የአክስቱ ልጅ በተማሪ ቪዛ መጥቶ አብሮት ይኖራል። ጠመንጃዋ ያለችው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ክፍት ነው። ሕጉ መያዝ የሚለው በእጅ መጨበጥን ብቻ አይደለም፤ መኖሯን እያወቀ ሲፈልግ ሊያነሳት የሚችል ከሆነም መያዝ ሊባል ይችላል። እሁድ ሁለቱ አብረው ሬንጅ ይሄዱ እንደነበርም ነገረን።

ኪቱን ከመግዣ ዝርዝሩ አውጥቶታል። የአክስቱ ልጅ ከእንግዲህ ሬንጅ አይሄድም። ቁልፍ ያለው ሣጥን ግን እስከዚህ ጽሑፍ ድረስ አልገዛም፤ ዛሬም ደውለን ጠይቀነዋል።